የመልክዓ ምድር ሥዕል ትምህርት በማኅበረሰብ የሥነ ጥበብ ክፍሎች፦ ለሠልጣኞች፣ ለአሠልጣኞችና ለአደራጆች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

የመልክዓ ምድር ሥዕል ተራራን፣ ሜዳን፣ ወንዝን፣ ሐይቅን፣ ደንን፣ የእርሻ ማሳን፣ መንደርንና ከተማን ዋና ርዕሰ ጉዳዩ አድርጎ የሚሠራ የሥዕል ዘርፍ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ሰውም እንስሳም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሆኖም ሥዕሉ በዋናነት የሚናገረው ስለ ቦታው፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ወቅቱ ነው።

ዘርፉ በማኅበረሰብ ደረጃ ለሚሰጥ የሥነ ጥበብ ሥልጠና ምቹ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ርዕሰ ጉዳዩ በየትኛውም አካባቢ ያለ ክፍያ የሚገኝ መሆኑ ነው። ለመልክዓ ምድር ሥዕል ቋሚ ሞዴል መቅጠርም ሆነ ልዩ ስቱዲዮ ማዘጋጀት አያስፈልግም። አንድ ኮረብታ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም በመስኮት የሚታይ የቤቶች ጣሪያ ለብዙ ሳምንታት ልምምድ ይበቃል። በወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከላት፣ በባህል ማዕከላት፣ በትምህርት ቤቶች የክረምት መርሐ ግብሮችና በነዋሪዎች የጋራ አዳራሾች ውስጥ በአነስተኛ ወጪ ሊደራጅ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል እንዲህ ዓይነት ክፍሎችን በፍላጎት ጀምረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚያቋርጡ ሠልጣኞች አሉ። የሚያቋርጡት ተሰጥኦ ስለሌላቸው እንደሆነ ቢያስቡም፣ ችግሩ በአብዛኛው የሚመነጨው ከትምህርቱ ቅደም ተከተል፣ ከቁሳቁስ አመራረጥና ከሥራ አገማገም ነው። ይህ ጽሑፍ የዘርፉን አጭር ታሪክ፣ የትምህርቱን ደረጃዎች፣ የአገራችንን ብርሃንና ወቅቶች ባሕርይ እንዲሁም ሠልጣኞች ትምህርቱን እስከ ፍጻሜው እንዲከታተሉ የሚያግዙ አሠራሮችን ያቀርባል።

አጭር ታሪካዊ ዳራ

የመልክዓ ምድር ሥዕል ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ ቀድሞ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው በቻይና ነው። ዘርፉ በቻይንኛ የሚጠራበት ቃል «ተራራና ውሃ» ማለት ሲሆን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ960 እስከ 1279 በዘለቀው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ከሥዕል ዘርፎች ሁሉ የላቀ ክብር ነበረው። በአውሮፓ ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች ሜዳውን፣ ወንዙንና ደመናውን ያለ ሃይማኖታዊ ወይም ታሪካዊ ትረካ ብቻውን የሚሣል ርዕስ አደረጉት። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ለንደን አጠገብ በሚገኘው ሃምፕስቴድ የደመና ልምምዶችን ይሥል ነበር፤ በብዙዎቹ ጀርባ ላይም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአየሩን ሁኔታ ጽፎባቸዋል።

ከቤት ውጭ መሣልን ያቀለለው ዋነኛ የቴክኒክ ለውጥ የቀለም ቱቦ መፈልሰፍ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ እ.ኤ.አ. በ1841 ተጨምቆ የሚወጣበትን የብረት ቱቦ እስኪፈለስፍ ድረስ የተዘጋጀ የዘይት ቀለም በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ይያዝ ስለነበር በቀላሉ ይፈስና ይደርቅ ነበር። ቱቦው ከመጣ በኋላ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን ይዘው ወደ ሜዳ መውጣት ቻሉ። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 ተመሳሳይ የእህል ክምሮችን በተለያየ ሰዓትና ወቅት ደጋግሞ የሣለው ከዚህ በኋላ በተፈጠረው ዕድል ነው። እነዚህ ሥዕሎች አንድ ቦታ በብርሃን ለውጥ ብቻ ብዙ ገጽታ እንደሚኖረው ያሳያሉ።

በኢትዮጵያ ለዘመናት የዳበረው የሥዕል ጥበብ በዋናነት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በዚህ ጥበብ ቅዱሳንና የቅዱሳት መጻሕፍት ታሪኮች ማዕከላዊውን ቦታ ይይዛሉ፤ ተራራ፣ ዛፍና ውሃ የሚገቡትም ታሪኩን ለማስረዳት በሚያስፈልጉበት መጠን ነው። በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሥዕሉ ዳራ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ በሚሸጋገር ቀለም ይሞላል። ይህ አሠራር የሚታይ ቦታን ለማሳየት የታሰበ ባይሆንም ለቀለም ሽግግር ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ዐድዋ ጦርነት ያሉ ታሪካዊ ክንውኖችን፣ አደንን፣ ግብርንና የእርሻ ሥራን የሚያሳዩ ዓለማዊ ሥዕሎች እየበዙ ሲመጡ የአገሩ ተራሮችና ሜዳዎችም በሸራ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ አገኙ።

ዘመናዊ የሥዕል ትምህርት በተቋም ደረጃ የተጀመረው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን የተከታተሉት አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም ይጠራል። የማኅበረሰብ ክፍሎች ሠልጣኞቻቸውን በአዲስ አበባ የሚገኙትን ብሔራዊ ሙዚየምና የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል እንዲጎበኙ ቢያደርጉ፣ በመጽሐፍ ወይም በስልክ መስታወት ላይ የማይታየውን የብሩሽ አሻራ፣ የቀለም ውፍረትና የሥዕል ትክክለኛ መጠን በዓይናቸው ያያሉ።

የመጀመሪያው መሰናክል፦ የሚታወቀውንና የሚታየውን መለየት

አንድ ጀማሪ መልክዓ ምድር እንዲሥል ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው አስቀድሞ በአእምሮው የያዘውን ምልክት ነው። ሁለት ሦስት ማዕዘን ተራሮች፣ በመካከላቸው የምትወጣ ባለ ጨረር ፀሐይ፣ ከተራራው ሥር አንዲት ጎጆ፣ ከጎጆዋ አጠገብ ግንዱ ቡናማ አናቱ ክብ የሆነ ዛፍ፣ ከላይ ወጥ ሰማያዊ ሰማይ። ይህን ምስል ብዙ ሰው በልጅነቱ በደብተሩ ጀርባ ላይ ሥሎታል። ምስሉ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን ሠልጣኙ እንጦጦ ላይ ቢቀመጥም ጣና ዳር ቢቀመጥም ያንኑ ይሥላል። ከፊቱ ያለውን ቦታ ገና አላየውም ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ለማስረዳት የቆርቆሮ ጣሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሠልጣኞች የቆርቆሮ ቀለም ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ግራጫ» ብለው ይመልሳሉ። በጠዋት ፀሐይ ወደ አንድ ሰፈር ቁልቁል ሲመለከቱ ግን ፀሐይ የመታው ጣሪያ ነጭ ሆኖ ያንጸባርቃል፤ በጥላ ያለው ጣሪያ የሰማዩን ሰማያዊነት ይዋሳል፤ የዛገው ደግሞ ወደ ብርቱካናማና ቡናማ ያደላል። ሦስቱም «ቆርቆሮ» ናቸው፤ ሦስቱም ግን አንድ ቀለም አይደሉም። ዛፍም እንዲሁ ነው። ዋርካ ጎኑ ሰፊ ነው፤ ግራር አናቱ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው፤ ጽድ ወደ ላይ ይሾላል፤ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ይረዝማል። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ብርማ ሰማያዊ ሲሆን የጎለመሰው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሠልጣኙ እነዚህን ልዩነቶች ማስተዋል ሲጀምር እጁ ገና ባይፍታታም ትምህርቱ ተጀምሯል ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ዓላማ የሚያምር ሥዕል ማውጣት መሆን የለበትም። ዓላማው ዓይንን ማሠልጠን ነው። አሠልጣኞች ይህን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በግልጽ ቢናገሩ ሠልጣኞች የራሳቸውን ሥራ ተገቢ ባልሆነ መለኪያ ከመመዘን ይድናሉ።

አስፈላጊ ቁሳቁሶች

ለጀማሪ ክፍል የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ጥቂት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ሳምንታት እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ተራ ወረቀትና ወረቀት የሚያርፍበት ጠንካራ ካርቶን ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ከሚከተሉት የቀለም ዓይነቶች አንዱን ሊመርጥ ይችላል።

የውሃ ቀለም ለመያዝ ቀላል፣ ሽታ የሌለውና በፍጥነት የሚደርቅ ነው። ነጩ ብርሃን የሚገኘው ከወረቀቱ ስለሆነ ብሩህ የሚሆነውን ቦታ ከመጀመሪያው ሳይቀቡ መተው ያስፈልጋል። ስስ ወረቀት በውሃ ይጨማደዳል፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ወረቀት ካልተገኘ የወረቀቱን አራት ጎኖች በፕላስተር ከካርቶን ጋር አጣብቆ መሥራት ይቻላል።

አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን፣ ከደረቀ በኋላ ግን በውሃ የማይለቅ ቀለም ነው። የተሳሳተን ቦታ በላዩ ደርቦ ማረም ስለሚያስችል ለጀማሪ ይመቻል። በፀሐይና በነፋስ ቶሎ ስለሚደርቅ ከቤት ውጭ ሲሠራ ፓሌቱን በውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ብሩሽም ቀለም እንደያዘ መተው የለበትም።

የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ቀለማትን በሸራው ላይ አዋሕዶ ለማለስለስ ዕድል ይሰጣል። ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑ፣ ማቅጠኛው የሚተን ኬሚካል መሆኑና ለመድረቅ ቀናትን መውሰዱ ለጀማሪ የማኅበረሰብ ክፍል የመጀመሪያ ምርጫ እንዳይሆን ያደርገዋል።

ለሸራ የሚከፈለው ዋጋ አስቸጋሪ በሚሆንበት ጊዜ በእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ አቡጀዴ ለልምምድ ሊያገለግል ይችላል። ጨርቁ ቀለሙን እንዳይመጥጥ አስቀድሞ በስሱ ኮላና ነጭ ቀለም ይቀባል። ሠልጣኙ ብዙ ቀለማትን ከመግዛት ይልቅ አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቡናማና ነጭ ይዞ ሌሎቹን ማዋሐድ ቢማር ወጪውም ይቀንሳል፣ የቀለም ዕውቀቱም ይጨምራል። አነስተኛ፣ መካከለኛና ሰፊ ሦስት ብሩሾች በቂ ናቸው።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ቦታን መምረጥና መወሰን። ከኮረብታ ላይ ሲታይ ያለው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አይገባም። ሠልጣኞች ከካርቶን መካከል የወረቀታቸውን ቅርጽ የሚመስል አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቆርጠው በዚያ «መስኮት» ውስጥ ማየት ይለማመዳሉ። መስኮቱን ወደ ዓይን ሲያስጠጉ ዕይታው ይሰፋል፤ ሲያርቁ ይጠብባል። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ዋና ነገር እስኪለይ ድረስ መፈለግ የቅንብር የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ አድማስን ማስቀመጥ። የአድማስ መስመር ከተመልካቹ ዓይን ከፍታ ጋር እኩል ነው። መስመሩ ዝቅ ሲል ሰማዩ፣ ከፍ ሲል ምድሩ ሰፊውን ቦታ ያገኛል። በትክክል መካከል ላይ ሲያርፍ ሥዕሉ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል፤ ስለዚህ ሠልጣኙ ሰማዩን ወይም ምድሩን እንዲመርጥ ይበረታታል።

ሦስተኛ፣ ብርሃንና ጥላን መለየት። ዓይንን ጠበብ አድርጎ መመልከት ዝርዝሩን ያደበዝዝና ትላልቆቹን የብርሃንና የጥላ ክፍሎች ያሳያል። በዚህ ደረጃ ሠልጣኙ ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት እርከን ያለው መለኪያ በእርሳስ ያዘጋጃል፤ ከዚያም የሚያየውን ቦታ በአምስቱ እርከኖች ብቻ ይሥላል። በቀለም ጊዜ የሚያጋጥሙ ብዙ ስህተቶች መነሻቸው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን ከሚገባው በላይ መድመቁ ወይም መጥቆሩ ነው።

አራተኛ፣ ርቀትን ማሳየት። ሩቅ ያለ ነገር ከማነሱ በተጨማሪ በመካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን የፈዘዘና ወደ ሰማያዊ ያደላ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ትምህርት አዲስ አበባ ተፈጥሯዊ መማሪያ ናት። ዝናቡ አባርቶ አየሩ በጠራበት ቀን ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ሲታይ በቅርብ ያሉት ባሕር ዛፎች ጥቁር አረንጓዴ ናቸው፤ የከተማዋ ሕንፃዎች በመካከል ይዘረጋሉ፤ ከእነሱ ባሻገር የረር ሰማያዊ፣ ዝቋላ ደግሞ ይበልጥ የሳሳ ሆኖ ይታያል። ሠልጣኙ ሦስቱን ርቀቶች በሦስት የቀለም ደረጃ ቢለያቸው ያለ ብዙ ዝርዝር ጥልቀት ያለው ሥዕል ያገኛል።

አምስተኛ፣ አረንጓዴን ማዋሐድ። ከቱቦ በቀጥታ የወጣ አረንጓዴ በተፈጥሮ ከሚታየው የበለጠ ይጮኻል። ቢጫና ሰማያዊን በተለያየ መጠን በማዋሐድና ጥቂት ቀይ ወይም ቡናማ በመጨመር የተረጋጋ አረንጓዴ ይገኛል። በአንድ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት የተለያዩ አረንጓዴዎችን አዋሕዶ ከየትኛው ቅጠል ጋር እንደሚመሳሰሉ መፈለግ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ልምምድ ነው።

ስድስተኛ፣ ከክፍል ውጭ መሣል። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ ጥላው እየተሣለ ይለወጣል። በአንድ ቦታ ከሁለት ሰዓት በላይ መሥራት አንዱን ሥዕል በሁለት ብርሃን መሥራት ይሆናል። ስለዚህ ጥላውን አስቀድሞ በእርሳስ ማስፈርና ፀሐይ ብትዞርም አለመለወጥ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በ20 ወይም በ30 ደቂቃ የሚያልቁ ትናንሽ ሥዕሎች ይመረጣሉ።

ከስልክ ፎቶግራፍ ላይ መሣልን በተመለከተ፣ ፎቶግራፍ ለማስታወሻ ይጠቅማል፤ ለመጀመሪያ ትምህርት ግን ብቻውን አይበቃም። ካሜራው ጥላውን ከሚገባው በላይ ያጠቁራል ወይም ሰማዩን ያነጣል፤ የሩቁን ተራራም ዓይን ከሚያየው አሳንሶ ያቀርበዋል። በቦታው ተገኝቶ የተሠራ ትንሽ የእርሳስ ንድፍና የቀለም ማስታወሻ ከፎቶግራፉ ጋር ሲያያዝ በክፍል ውስጥ ለሚቀጥለው ሥራ አስተማማኝ መነሻ ይሆናል።

የአገራችን ብርሃንና ወቅቶች

ብዙዎቹ የሥዕል መማሪያ መጻሕፍት የተጻፉት ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች ስለሆነ ስለ ብርሃን የሚሰጡት ምክር ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን፣ በሚያዝያና በነሐሴ ደግሞ በትክክል ከአናት ስለምታልፍ፣ ጥላ አጥሮ ተራራውም ቤቱም ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል። ለመሣል የሚመረጠው ጊዜ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓትና ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ነው። ድንግዝግዝታው አጭር በመሆኑ የምሽቱን ብርሃን ለመያዝ የሚፈልግ ሠልጣኝ ንድፉን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መጨረስ አለበት።

ወቅቶቹም የየራሳቸው ቀለም አላቸው። በመስከረም አደይ አበባ በአረንጓዴው ላይ ቢጫ ይነጥፋል፤ አየሩም ስለሚጠራ ሩቁ ተራራ ጎልቶ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጤፍና የስንዴ ማሳ ወደ ወርቃማ ይለወጣል፤ አውድማና ክምር ይታያል። በበጋው ወራት ሣሩ ይገረጣል፤ አቧራውም ሩቁን ተራራ ያደበዝዛል። በክረምት ደመናው ዝቅ ብሎ ብርሃኑን ያለሰልሳል፤ ጥላ አልባ የሆነው ይህ ብርሃን የአረንጓዴ ዓይነቶችን ለማጥናት ይመቻል። ክፍሎች የክረምቱን ጊዜ በመስኮት ወይም በበረንዳ ሥር በሚሠሩ ልምምዶች ቢጠቀሙበት ትምህርቱ አይቋረጥም።

ሠልጣኞች ለምን ያቋርጣሉ?

ከላይ እንደተገለጸው የማቋረጥ አደጋው የሚበረታው ከእርሳስ ወደ ቀለም በሚደረገው ሽግግር ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ የሠልጣኙ ዓይን ከእጁ ቀድሞ ያድጋል። ቀደም ሲል የማያየውን ስህተት አሁን ያያል፤ ሊያስተካክለው ግን ገና አይችልም። ሥራው እየባሰበት የሄደ ይመስለዋል። በእርግጥ የሆነው ግን ማየትን መማሩ ነው። አሠልጣኙ ይህን ወቅት አስቀድሞ ቢያሳውቅና የሠልጣኙን የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ አስቀምጦ ከአሁኑ ጋር ጎን ለጎን ቢያሳየው ለውጡ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ አገማገም ነው። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ «ምርጡን ሥዕል» መምረጥ አንዱን ቢያስደስትም ሌሎቹን ያሳፍራል፤ በተለይም ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ የያዙ ጎልማሶችን ያሸሻል። በምትኩ ሥራዎቹን ሁሉ በግድግዳ ላይ አሰልፎ ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይቻላል፦ ዓይን በመጀመሪያ የሚያርፈው የት ላይ ነው? ሩቅና ቅርቡ ተለይቷል? ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመዝኑት ሥራውን እንጂ ሰውን አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት የአሠልጣኙ እጅ ነው። ሠልጣኙ ሲቸገር ብሩሹን ተቀብሎ በሥራው ላይ ማረም ሥዕሉን ያሳምረዋል፤ ሆኖም ሠልጣኙ ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው የእርሱ ያልሆነ ሥራ ይሆናል። ማሳየት ሲያስፈልግ አሠልጣኙ በሌላ ወረቀት ላይ ቢያሳይ ይመረጣል።

አራተኛው ምክንያት ወጪ ነው። ሙሉ የቀለም ስብስብ ይዞ መምጣትን ለምዝገባ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አቅም የሌላቸውን ነዋሪዎች ከደጃፉ ይመልሳል። ሰፊ መጠን ያለው ቀለም በጋራ ገዝቶ በየክፍለ ጊዜው ማካፈል፣ ብሩሾችን በክፍሉ ስም መዝግቦ ማዋስና ያገለገሉ ካርቶኖችን ለመደገፊያ መጠቀም በተግባር ሊውሉ የሚችሉ መፍትሔዎች ናቸው።

የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ተሳትፎም በዕቅዱ መታሰብ አለበት። ለውጭ ሥራ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት፣ ጥላና መቀመጫ ያለው ቦታ መመረጥ ይኖርበታል። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሠልጣኞች የቀለሙን ስም በቱቦው ላይ በግልጽ ጽፈውና በብርሃንና ጥላ ደረጃ ላይ አተኩረው በብቃት ሊሠሩ ይችላሉ።

ጥንቃቄና ፈቃድ

በከፍታ ቦታዎች የፀሐይ ጨረር ጠንካራ ስለሆነ ባርኔጣና የመጠጥ ውሃ መያዝ ያስፈልጋል። በቡድን መውጣት፣ የሚመለሱበትን ሰዓት ለክፍሉ ኃላፊ ማሳወቅና ነጎድጓድ ሲሰማ ከኮረብታና ከነጠላ ዛፍ ሥር መራቅ ተገቢ ነው። ብሩሽን በአፍ ማሾል መከልከል አለበት፤ በአንዳንድ ቀለማት ውስጥ ለጤና ጎጂ የሆኑ ንጥረ ነገሮች አሉና። በዘይት ቀለም የሚሠሩ ክፍሎች አየር በሚገባ የሚዘዋወርበት ቤት ያስፈልጋቸዋል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። ቀለም የታጠበበት ውሃ ወደ ምንጭ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ማሳ መደፋት የለበትም።

በገበሬ ማሳ ዳር ከመቀመጥ በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ አዝመራ አለመርገጥ፣ በቤተ እምነት ቅጥር ግቢ ውስጥ ለመሣል የአስተዳደሩን ይሁንታ ማግኘትና ጥበቃ የሚደረግላቸውን ተቋማት ከመሣል መቆጠብ ያስፈልጋል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ የፓርኩ የመግቢያ ደንብ ይከበራል።

የቅጂ መብትንም ማወቅ ይገባል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕልም ፎቶግራፍም ጥበቃ ይደረግላቸዋል። ሠልጣኙ ራሱ የሠራው ሥዕል መብቱ የራሱ ነው። የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ተገልብጦ ለሽያጭ ወይም ለዐውደ ርእይ ከመቅረቡ በፊት ግን የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሥዕሉ ለአካባቢው ያለው ፋይዳ

መልክዓ ምድር ቋሚ ይመስላል፤ ነገር ግን ይለወጣል። ዛሬ ከእንጦጦ ተራራ የማይነጠል የሚመስለው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የተራራውን ገጽታ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው አላየውም። አሁንም በየከተማው አዳዲስ ሕንፃዎችና መንገዶች ሲገነቡ፣ በየገጠሩ እርከን ሲሠራና ደን ሲመነጠር ወይም ሲተከል የአካባቢው ገጽታ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2023 የተመዘገቡት የኮንሶና የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድሮች የመሬት ገጽታ ራሱ ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ። ያልተመዘገቡት ኮረብታዎችና ሰፈሮችም በዚያ ለሚኖረው ሰው ትርጉም አላቸው።

በዚህ ረገድ የማኅበረሰብ የሥዕል ክፍል ቀላልና ጠቃሚ ተግባር ሊያከናውን ይችላል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በሥዕሉ ጀርባ ላይ የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆመበትን ስፍራ ይጽፋል። ክፍሉ ደግሞ አንድ ቋሚ የመመልከቻ ቦታ መርጦ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ይሥለዋል። ሥራዎቹ በደረቅ ቦታ፣ ከፀሐይ ርቀው ተጠብቀው ሲቆዩ የአካባቢው ታሪክ አካል ይሆናሉ። የሠልጣኞቹ ሥራ ከባለሙያ ሥራ ጋር ላይስተካከል ይችላል፤ ሆኖም በቦታው ተገኝቶ በጥሞና ያየ ሰው የሠራው ሥዕል የተቆረጠው ዋርካ የት እንደነበረና የፈረሰው ሰፈር ጣሪያ በጠዋት ፀሐይ ምን ይመስል እንደነበር ለሚቀጥለው ትውልድ ይነግራል።

ክፍል ለማደራጀት

አዲስ ክፍል ለማደራጀት የሚፈልጉ ነዋሪዎችና ተቋማት የሚከተሉትን አስቀድመው ማሟላት ይጠበቅባቸዋል፦ የተፈጥሮ ብርሃንና ውሃ ያለው ክፍል፤ ለአንድ አሠልጣኝ ከ15 ያልበለጡ ሠልጣኞች ቢሆኑ ይመረጣል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቋሚ ክፍለ ጊዜ፤ በእግር ሊደረስባቸው የሚችሉ ሦስት የመሣያ ቦታዎች፤ የጋራ ቁሳቁስ መመዝገቢያ፤ እንዲሁም በሥልጠናው ማብቂያ የሁሉም ሠልጣኞች ሥራ ያለ ውድድር የሚቀርብበት ዐውደ ርእይ።

መማር የሚፈልጉ ነዋሪዎች በየአካባቢያቸው በሚገኙ የባህል፣ የወጣቶችና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በመቅረብ ክፍት የሥልጠና ቦታ መኖሩን መጠየቅ ይችላሉ። ቦታ እስኪገኝ ድረስም አንድ እርሳስ፣ አንድ ደብተርና ከካርቶን የተቆረጠ መስኮት ይዞ በየሳምንቱ አንድ ጠዋት ያንኑ ኮረብታ መሣል ይቻላል።